የማይመለስ ገንዘብ፣ የማይታጠፍ ቃል

ድሃ ተማሪን በገንዘብ ደግፎ ማስተማር በአሜሪካ ከመንግሥቱ ዕድሜ ይበልጣል። በ1643 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌዲ አን ሞልሰን የተባለች እንግሊዛዊት ባለጸጋ ለሃርቫርድ ኮሌጅ 100 ፓውንድ ሰጠች። ፈቃዷም ከገንዘቡ በየዓመቱ የሚገኘው ገቢ ለአንድ ችግረኛ ተማሪ መደጎሚያ እንዲውል ነበር። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የኮሌጅ እርዳታ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ሄደ። ባለሀብት ይሰጣል፣ ኮሌጅ ይመርጣል፣ የተመረጠው ይማራል፣ ያልተመረጠው ወደ እርሻው ወይም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። የፌዴራሉ መንግሥት በጉዳዩ በሰፊው የገባው በ1862 ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዚያ ዓመት የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በኮንግረስ ባለው መቀመጫ ልክ፣ ለአንድ መቀመጫ 30,000 ኤከር መሬት ሰጠ፤ ከመሬቱ ሽያጭ በተገኘው ገንዘብም የእርሻና የምህንድስና ኮሌጆች ተቋቋሙ። ሕጉ የኮሌጁን በር ሠራ። በሩ ድረስ መጥቶ የሚከፍለው ያጣውን ልጅ ግን እዚያው ቆሞ ተወው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ መንግሥት ገንዘቡን ለሕንጻና ለአስተዳደር ከመስጠት አልፎ በተማሪው ስም፣ ሳይመለስ፣ መስጠት የጀመረበት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ድጎማ ድሃን ልጅ ኮሌጅ የሚያስገባው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በመታወቁና በመታመኑ ጭምር ነው። ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ይህ ገንዘብ የእኔ ነው ብሎ ካመነበት ያጠናል፣ ያመለክታል፣ ይገባል። እጅግ የተወሳሰበ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጥ፣ ከተመዘገቡ በኋላ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ግን በጀቱ ቢሊዮን ቢደርስም ለችግረኛው ቤት እንደሌለ ይቆጠራል። አሜሪካ በተማሪ ድጎማ የተሳካላት ቃሏን ግልጽ ባደረገችበት ጊዜ ነው፤ የተሰናከለችውም ቃሏን ባጠፈችበት ጊዜ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መጡ። በ1935 የተቋቋመው ብሔራዊ የወጣቶች አስተዳደር ችግረኛ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራና በግቢ ጥገና እየሠሩ ጥቂት ደመወዝ እንዲያገኙ አደረገ። ይህ የሥራ ዋጋ እንጂ ድጎማ አልነበረም፤ ሆኖም ችግሩ የተማሪው እንጂ የተቋሙ ብቻ አለመሆኑን መንግሥት ካመነባቸው የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነበር። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጦርነት ነው። በ1932 ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ሥራ አጥ ወታደሮች ቃል የተገባላቸውን ጉርሻ ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሲሰፍሩ ጦር ሠራዊቱ በአስለቃሽ ጭስ አባሯቸው ነበር። ሁለተኛው ጦርነት ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ወታደር ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ሥራ ካጣ ያው ታሪክ በብዙ እጥፍ ይደገማል የሚለው ስጋት ሁሉንም ያዘ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የአሜሪካን ሊጅን መሪ የነበረው የካንሳሱ ጠበቃ ሃሪ ኮልመሪ፣ በ1943 መገባደጃና በ1944 መባቻ በዋሽንግተኑ ሜይፍላወር ሆቴል ተቀምጦ የሕጉን ረቂቅ በእጁ ጻፈ።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሕጉን የፈረሙት ጁን 22 ቀን 1944፣ ሠራዊቱ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ከወረደ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ሕዝቡ ጂ.አይ. ቢል ብሎ የጠራው ይህ ሕግ የትምህርት ክፍሉ በጥቂት መስመር የሚነገር ነበር። ቢያንስ 90 ቀን ያገለገለና በውርደት ያልተሰናበተ ወታደር የሚቀበለው ኮሌጅ ካገኘ፣ መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ይከፍልለታል፤ ለኑሮው ደግሞ በወር 50 ዶላር፣ ቤተሰብ ካለው 75 ዶላር ይሰጠዋል። በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ የዓመት ክፍያ 400 ዶላር ነበርና፣ ወታደሩ የሚገባበትን እንጂ የሚከፍለውን ማሰብ አይጠበቅበትም ነበር። አባቱ ምን እንደሚያገኝ፣ እናቱ ስንት ልጅ እንዳላት የሚጠይቅ ቅጽ አልነበረም። የመብቱ መለኪያ አገልግሎቱ ነው፤ እሱንም ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው። ተማሪው ኮሌጁን ይመርጣል፣ ገንዘቡም ተከትሎት ይሄዳል።

ተቃውሞው ከማይጠበቅ ወገን መጣ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ በዚያው ዓመት በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ፣ ኮሌጆች ገንዘቡን ሲሉ ማንንም እንደሚቀበሉና ግቢዎቹ የሥራ ፈት መጠለያ እንደሚሆኑ ጽፎ አስጠነቀቀ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንትም ለትምህርት አቅም የሌለው ይጎርፋል ብሎ ሰግቶ ነበር። ስጋታቸው የተንኮል አልነበረም፤ ዛሬም ድረስ በድጎማ ላይ የሚነሳው ቀዳሚ ጥያቄ ይኸው ነው፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር ለማይገባው ሰው አይደርስም ወይ? መልሱን የሰጠው ውጤቱ ነው። በ1947 በአሜሪካ ኮሌጆች ከተመዘገበው ተማሪ 49 በመቶው የቀድሞ ወታደር ነበር። ግቢዎቹ ስለጠበቧቸው ባለትዳሮቹ ከጦር ሠራዊቱ በተረፉ የቆርቆሮ ቤቶችና በተጎታች መኪና ውስጥ እየኖሩ፣ ጂምናዚየም ውስጥ በተደረደረ አልጋ እየተኙ ተማሩ። በውጤታቸው ከሌላው ተማሪ የሚያንሱ ሳይሆኑ በአብዛኛው የሚበልጡ ሆነው ተገኙ፤ ኮናንትም ቆይቶ ሃርቫርድ ካያቸው ተማሪዎች ሁሉ የበሰሉት እነሱ መሆናቸውን መሰከረ። መርሐ ግብሩ በ1956 ሲዘጋ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ኮሌጅ ገብቶበታል።

ይህ ታሪክ ግን ያለ ጥላው ሊነገር አይገባም። የሕጉ ቃል በዘር አይለይም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን በየአካባቢው ባለሥልጣን እጅ እንዲሆን የሚሲሲፒው ተወካይ ጆን ራንኪን አጥብቆ ታግሎ ነበር፤ ደቡቡም በዘር መለያየት ሕግ ሥር ነበር። ጥቁሩ ወታደር ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች በር ተዘግቶበታል፤ የጥቁሮቹ ኮሌጆች ደግሞ ጥቂትና ጠባብ ስለነበሩ ብዙውን መመለስ ግድ ሆነባቸው። ሣራ ተርነርና ጆን ባውንድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ መረጃውን ሲመረምሩ፣ በደቡብ የተወለዱት ጥቁር ወታደሮች ከሕጉ ያገኙት የትምህርት ጥቅም እጅግ ትንሽ ሆኖ አገኙት። ሴቶችም በሠራዊቱ የነበራቸው ቁጥር ትንሽ ስለነበር በሕጉ ኮሌጅ የገቡት ከ60,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ስለዚህ የጂ.አይ. ቢል ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ቃል ግልጽ ሲሆን ይሠራል፤ በቃሉና በባለመብቱ መካከል የቆመ በረኛ ካለ ግን ግልጹ ቃልም ይታገታል።

ለወታደር የተሠራው ለሌላው ልጅስ ለምን አይሠራም? ጥያቄውን ያነሳው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የሰየሙትና ጆርጅ ዙክ የመራው ኮሚሽን ነው። በ1947 ባወጣው ሪፖርት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኮሌጅ ዓመታት በሕዝብ ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲሆኑና የፌዴራል ስኮላርሺፕ እንዲጀመር ሐሳብ አቀረበ። ኮንግረስ አላነሳውም። ነገሩን ከመደርደሪያ ያወረደው ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ያመጠቀችው ስፑትኒክ ነው። አሜሪካ በሳይንስ ተቀደምኩ ብላ ደነገጠች፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በሴፕቴምበር 1958 የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግን ፈረሙ። ረቂቁ ሲጀመር ስኮላርሺፕ ነበረበት። በተወካዮች ምክር ቤት ክርክር ላይ ግን ስኮላርሺፑ ወጣና ቦታውን ብድር ያዘው፤ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፣ በ3 በመቶ ወለድ፣ ከትምህርት በኋላ በ10 ዓመት የሚከፈል። የተቃዋሚዎቹ ምክንያት ተማሪ በነጻ ከሚቀበል ተበድሮ ቢከፍል ኃላፊነት ይማራል የሚል ነበር።

ይህ ክርክር ክብደት አለውና በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። የተመረቀ ሰው ካልተማረው የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፤ ታዲያ ኮሌጅ ያልገባው የጉልበት ሠራተኛ በታክሱ ለምን ይክፈልለት? በኢትዮጵያ ያለው የወጪ መጋራት አሠራርም በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ሆኖም ብድር ጥቅሙ የተረጋገጠለትን ሰው ነው የሚያገለግለው። ከዘመዶቹ መካከል የተመረቀ አንድም ሰው ያላየ ልጅ፣ ነገ የሚያገኘውን ደመወዝ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ዕዳውን ነው። ባይሳካለት ዲግሪውም የለም፣ ዕዳው ግን አለ። ሀብታሙ ልጅ ቢሳሳት ቤተሰቡ ይሸከምለታል። ድሃው ግን የሚያስይዘው ሀብት ሳይኖረው የሚቆምር ሰው ነው የሚሆነው። የሠራተኛው ታክስ ጥያቄም መልስ አለው፤ ያለ ድጎማ ከኮሌጅ ውጭ የሚቀረው ከሁሉ በፊት የዚያው ሠራተኛ ልጅ ነው።

ሊንደን ጆንሰን ይህን በኑሮ ያወቁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሳን ማርኮስ፣ ቴክሳስ ኮሌጅ ሲማሩ በጽዳት ሠራተኛነት ሳይቀር ልዩ ልዩ ሥራ እየሠሩ ነበር ኑሯቸውን የገፉት፤ በመካከሉም በኮቱላ ከተማ ለድሃ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች አስተምረዋል። የከፍተኛ ትምህርት ሕግን በኖቬምበር 8 ቀን 1965 የፈረሙት እዚያው በተማሩበት ኮሌጅ ነው። ሕጉ ለሲቪል ተማሪ በችግረኛነቱ የማይመለስ የፌዴራል ድጎማን ጀመረ። አሰጣጡ ግን የድሮውን መንገድ ያዘ። ገንዘቡ ለኮሌጆች ይከፋፈላል፣ ኮሌጁም ከተቀበላቸው መካከል ችግራቸው የባሰውን ይመርጣል። ስለዚህ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድጎማ ይደርሰኝ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። መልሱ የሚገኘው ካመለከተና ከተቀበሉት በኋላ ነው፤ ሳያመለክት የቀረው ግን ምን እንዳመለጠው እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል የተነሱት ይህን ለመለወጥ ነው። ፔል ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በጦርነቱ በባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያገለገሉ፣ ጂ.አይ. ቢል የሠራውን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ሐሳባቸው አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሕግ የታወቀ መነሻ ገንዘብ ይኑረው፣ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለው ከዚያ ይቀነስ፣ ቀሪው የእሱ ይሁን። ተቃዋሚያቸው የኦሪገኗ የምክር ቤት አባል ኢዲት ግሪን ነበረች። ግሪን ለትምህርት ዕድሜ ልኳን የታገለች ሴት ናት። የ1965ቱን ሕግ ካወጡት አንዷ ስትሆን፣ ኮሌጆች ራሳቸው በገንዘብ እየተቸገሩ ስለሆነ ድጋፉ በቀጥታ ለተቋማቱ ይሰጥ፣ ተማሪውን የሚያውቀውም ኮሌጁ ነው ትል ነበር። ትልልቆቹ የኮሌጆች ማኅበራት ከእሷ ጋር ቆሙ። በሌላ በኩል አሊስ ሪቭሊን በ1969 ለመንግሥት ያዘጋጀችው ጥናትና ክላርክ ከር የሚመራው የካርኔጊ ኮሚሽን፣ የዕድል እኩልነት ከተፈለገ ገንዘቡ ተማሪውን ይከተል የሚለውን ወገን ደገፉ። በ1972 ፔል አሸነፉ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጁን 23 የፈረሙት ሕግ መሠረታዊ የትምህርት ዕድል ድጎማን ፈጠረ። የግሪን ትግልም ያለ ፍሬ አልቀረም፤ በትምህርት የጾታ መድልዎን የከለከለው ታዋቂው አንቀጽ በዚያው ሕግ ውስጥ ነው።

አጀማመሩ ትሑት ነበር። በ1973–74 ድጎማው የደረሰው ለ176,000 አዲስ ገቢ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ሲሆን፣ ከፍተኛው 452 ዶላር፣ አማካዩ 270 ዶላር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከፍተኛው ወደ 1,400 ዶላር አደገና አራት ዓመት በሚያስተምር የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት፣ ለመኝታና ለምግብ ከሚወጣው አማካይ ወጪ ሦስት አራተኛውን የሚሸፍን ሆነ። በ1980 በሴናተሩ ስም ፔል ግራንት ተባለ። አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ቤተሰቡ ገቢውን የሚያሳይ ቅጽ ይሞላል፣ መንግሥት በቀመር የድጎማውን መጠን ያሰላል፣ ገንዘቡ በተማሪው ስም ለኮሌጁ ይላካል፣ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያውን ቀንሶ የተረፈውን ለመጽሐፍ፣ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት ለተማሪው ይሰጣል። ተማሪው ኮሌጅ ቢቀይር መብቱ አብሮት ይሄዳል።

ሆኖም በ1983 ሊ ሃንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የማይመች ግኝት አወጣ። ከድጎማው መጀመር በፊትና በኋላ ያለውን ምዝገባ ሲያነጻጽር በድሃና በሀብታም ልጆች መካከል ያለው ልዩነት አልጠበበም። ተቃዋሚዎች ድጎማ ከንቱ ነው ለማለት ተጠቀሙበት። በእርግጥ ከንቱ ነው? በኋላ የመጡት ማስረጃዎች ሌላ ይናገራሉ። ከ1965 ጀምሮ አባት ወይም እናት የሞተባቸው ልጆች ኮሌጅ ከገቡ ከመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና (ሶሻል ሴኩሪቲ) ወርሃዊ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ ማግኘታቸውንም ቀድመው ያውቁታል። በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን፣ በ1981፣ ኮንግረስ ይህን ሰረዘው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ሱዛን ዳይናርስኪ አባታቸው የሞቱባቸውን ልጆች ከስረዛው በፊትና በኋላ አነጻጽራ ስትመረምር፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው ከሲሶ በላይ ወርዶ አገኘችው፤ በስሌቷም 1,000 ዶላር ድጎማ ኮሌጅ የሚገቡትን ድርሻ በ4 መቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም የማይመለስ ገንዘብ ነው። ታዲያ አንዱ ለምን ጎልቶ ሠራ፣ ሌላው ለምን ደበዘዘ? ከምክንያቶቹ ዋናው አንዱ ቀድሞ የታወቀ፣ ሌላው በቅጽ ክምር የተሸፈነ መሆኑ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1992 የወጣው ማሻሻያ ለፌዴራል እርዳታ ሁሉ አንድ ነጻ ማመልከቻ እንዲኖር አደረገ፤ ሰዉ ፋፍሳ የሚለው ነው። ነጻ ይሁን እንጂ ከ100 በላይ ጥያቄ ነበረበት። በ2008 ተመራማሪው ኤሪክ ቤቲንገርና ባልደረቦቹ በኦሃዮና በሻርሎት ከተማ፣ ታክስ ሊያሠሩ ወደ ኤች ኤንድ አር ብሎክ ቢሮዎች የመጡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች በዕጣ ከፈሉ። ለአንዱ ወገን የታክስ ሠራተኛው እዚያው ከገቢ መግለጫው ላይ እየቀዳ በደቂቃዎች ውስጥ ፋፍሳውን ሞላላቸው፤ ለሌላው ወገን ምን ያህል እንደሚያገኙ ብቻ ተነገራቸው። ቅጹ የተሞላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ኮሌጅ መግባት ከ34 ወደ 42 በመቶ ከፍ አለ። መጠኑ ብቻ የተነገራቸው ምንም ለውጥ አላሳዩም። የድጎማው መጠን አልተነካም፤ የተነካው በመንገዱ ላይ የቆመው እንቅፋት ነው። ሃንሰን ያየው የገንዘቡን አቅመ ቢስነት ሳይሆን የመንገዱን ጥበት ነበር።

በ1980ዎቹ ግን መንገዱ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም ጠበበ። ፔል ግራንት ስሙ መብት ይምሰል እንጂ በጀቱ በየዓመቱ በኮንግረስ ፈቃድ የሚወሰን ነው። በ1980–81 ከፍተኛው 1,750 ዶላር ነበር፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ 2,300 ቢደርስም የዋጋ ንረቱ በልቶታል። ክፍተቱን ብድር ሞላው፤ በዚያው አሥር ዓመት የፌዴራል የተማሪ ብድር ከድጎማው በለጠ። በ1987 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሩ ዊልያም ቤኔት እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ተቃውሞ አቀረቡ። መንግሥት እርዳታ በጨመረ ቁጥር ኮሌጆች ክፍያ ይጨምራሉ፣ ገንዘቡም ተማሪው ጋ ሳይደርስ ይዋጣል አሉ። ተቃውሞው ፍጹም ሐሰት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ስቴፋኒ ቼሊኒና ክላውዲያ ጎልዲን ለትርፍ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶችን ሲያነጻጽሩ፣ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉት ከማይቀበሉት አቻዎቻቸው ሦስት አራተኛ ያህል አብልጠው ያስከፍሉ ነበር። ነገር ግን በሕዝብ ኮሌጆች ከክፍያው ንረት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ክፍለ ግዛቶች በጀታቸውን መቀነሳቸው ነው። የ1980ዎቹም ታሪክ ራሱ ይመሰክራል፤ የፔል አቅም እየወረደ ሳለ ክፍያው ያሻቅብ ነበር። የቤኔት ማስጠንቀቂያ የሚያስተምረው ገንዘቡ በማን በር እንደሚገባ መጠንቀቅን ነው እንጂ ለድሃው መስጠትን ማቆም አይደለም።

የ1990ዎቹ ፖለቲካ ፊቱን ወደ መካከለኛው መደብ አዞረ። ጆርጂያ በ1993 በሎተሪ ገቢ የጀመረችው ሆፕ ስኮላርሺፕ በችግር ሳይሆን በውጤት የሚሰጥ ነበር፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከተሏት። በ1997 የፌዴራሉ መንግሥት የኮሌጅ የታክስ ቅናሽ አወጣ፤ ቅናሹ ታክስ ለሚከፍል ቤተሰብ እንጂ ገቢው ለታክስ ለማይበቃው አልጠቀመም። በ1994 ደግሞ የወንጀል መከላከያ ሕጉ እስረኞችን ከፔል አገለለ። እስር ቤት ውስጥ የነበሩ የኮሌጅ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ተዘጉ፤ በሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ከ29 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2023 ነው። የሆፕ ስኬት ግን አንድ ነገር አረጋግጧል። የጆርጂያ ወላጅ ልጁ ይህን ያህል ውጤት ካመጣ ክፍያው እንደሚሸፈንለት ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ግልጽነቱ ሠርቷል። የሚያሳዝነው ያ ግልጽነት ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው አለመሰጠቱ ነው።

የኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘው በዚሁ ዘመን ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ቀጥሎም በ1990 ሕግ የተመሠረተው የዲቪ ሎተሪ ብዙ ቤተሰቦችን ወደ አሜሪካ አመጣ። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ዜጋ ባይሆንም ለፔል ግራንት ብቁ ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወይም በጊዜያዊ ከለላ ብቻ የሚኖር ግን አይደለም። ፓርኪንግና ሆቴል እየሠራ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ሰው ይህ መስመር ሕይወቱን የሚለይ ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በማርች 30 ቀን 2010 አንድ ትልቅ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ባንኮች በመንግሥት ዋስትና ለተማሪ የሚያበድሩበትን አሠራር አስቀርቶ፣ ለባንኮቹ ይሄድ ከነበረው ድጎማ ከፍተኛ ድርሻ ወደ ፔል አዞረ። ከፍተኛው የፔል መጠን 5,550 ዶላር ደረሰ፤ በ2011–12 ከ9 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ተጠቀመ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ለክረምት ትምህርት ተጨማሪ ፔል እንዲሰጥ የተፈቀደው ገና እንደተጀመረ በ2011 ተሰረዘ፣ በ2017 ተመለሰ። ከ2012 ጀምሮ ድጎማው የሚያገለግልበት ዘመን ከ18 ሴሚስተር ወደ 12 ወረደ፤ ለውጡም ትምህርቱን አጋምሶ የነበረውን ጭምር ያዘ። በሙሉ ጊዜ ለሚማር ወጣት 12 ሴሚስተር ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ልጅ እያሳደገ ለሚማር ስደተኛ ግን ከዲግሪው በፊት ሊያልቅበት ይችላል። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ብዙ የፔል ተማሪዎች ሳይመረቁ ያቋርጣሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያስቆጫልም። ነገር ግን ማቋረጣቸው የድጎማው ብዛት ያመጣው አይደለም። ጄፍሪ ዴኒንግ፣ ቤንጃሚን ማርክስና ሌስሊ ተርነር በቴክሳስ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ባደረጉት ጥናት፣ በቀመሩ ምክንያት ተጨማሪ ድጎማ የደረሳቸው ተማሪዎች ይበልጥ ተመርቀዋል፣ ይበልጥም ደመወዝ አግኝተዋል። መንግሥትም ያወጣውን በ10 ዓመት ውስጥ በታክስ ይመልሳል የሚል ስሌት አቅርበዋል። ሰውን ከግማሽ መንገድ የሚመልሰው የገንዘቡ ማነስ ነው እንጂ መኖሩ አይደለም።

የቃልን ኃይል ከሁሉ በጉልህ ያሳየው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2015 ጀምሮ ዳይናርስኪና ባልደረቦቿ ጎበዝ ለሆኑ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በፖስታ ደብዳቤ ላኩ፤ ከተቀበልንህ አራት ዓመት ያለ ትምህርት ክፍያ ትማራለህ፣ ለዚህ ቅጽ አያስፈልግህም የሚል። ደብዳቤው ያልደረሳቸውም ልጆች ቢገቡና ቅጹን ቢሞሉ ያንኑ ያህል እርዳታ ያገኙ ነበር። ልዩነቱ ማወቃቸው ብቻ ነው። ካልደረሳቸው ያመለከቱት 26 በመቶ ሲሆኑ ከደረሳቸው 68 በመቶ አመለከቱ፤ የገቡትም ከእጥፍ በለጡ። ኮንግረስ ይህን መሰል ማስረጃ ሰምቶ በ2020 መጨረሻ ፋፍሳን የሚያሳጥር ሕግ አወጣ። አዲሱ ቅጽ ግን በተለመደው ኦክቶበር ሳይሆን በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ተከፈተ፤ ስህተት የበዛበትም ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች፣ ልጃቸው የአሜሪካ ዜጋ ቢሆንም እንኳ፣ ለወራት መግባት አቃታቸው። እንደገና በረኛ በቃሉና በባለመብቱ መካከል ቆመ። በዚህ ጊዜ በረኛው ኮምፒውተር ነበር።

ዛሬ ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ሲሆን ከ6 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ይቀበላል። በሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የሚሸፍነው ግን ከአማካዩ ወጪ ሲሶ አይሞላም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሆንም። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ድጎማው ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ የሙያ ሥልጠናዎችም እንዲሆን ፈቅዷል። ይህ ለብዙ ሠራተኛ መልካም ዜና ነው፤ የቤኔት ማስጠንቀቂያ ግን እዚህ ላይ በእጅጉ ያስፈልጋል፤ አጭር ሥልጠና የሚሸጥ ሁሉ አስተማሪ አይደለምና። የሰማንያ ዓመቱ ልምድ ቀጣዩን ሥራ በግልጽ ይነግራል። የድጎማው መጠን ከኑሮ ውድነት ጋር በሕግ ይያያዝ፤ በየዓመቱ የበጀት ድርድር መያዣ አይሁን። መንግሥት የቤተሰቡን ገቢ ከታክስ መዝገቡ አስቀድሞ ያውቃልና ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚገባውን በደብዳቤ ያሳውቀው። ገንዘቡን የሚቀበለው ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹ ምን ላይ እንደደረሱ ይጠየቅ። ወጪው ከባድ ነው የሚል ካለ፣ በ1944 የነበረችው አሜሪካ በጦርነት ዕዳ ውስጥ ሆና ለወታደሮቿ በጥቂት መስመር ቃል እንደገባችና እንደፈጸመች ያስታውስ። ያኔ ቃሉ ከደረሳቸው ብዙዎቹ ተምረዋል፤ ቃሉ የተነፈገው ግን ከደጅ ቀርቷል። የድሃ ልጅም እንደዚያ ወታደር የሚጠብቀውን አውቆ ሊነሳ ይገባዋል።